በ34 ዓመት ጅምናስቲክ መመለስ ይቻላል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ልጅ ሆኜ ጅምናስቲክ እሠራ ነበር፣ አሁን 34 ዓመቴ ነው፣ ብመለስ ያዋጣኛል ወይ?» ላልሽው፣ ያዋጣሻል። እኔ ሁለት ልጅ ወልጄ በ37 ዓመቴ ነው የተመለስኩት። ግን «ጅምናስቷ ቹሶቪቲና በ46 ዓመቷ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ዘላለች» እያሉ የሚያበረታቱሽን ብዙም አትስሚያቸው። መዝለሉንስ ዘላለች። እሷ ግን እ.ኤ.አ. ከ1992ቱ ባርሴሎና ጀምሮ እስከ ቶኪዮ ድረስ አንድም ኦሎምፒክ አላመለጣትም። እኛ ያን ሁሉ ዓመት ወንበር ላይ ነበርን።

1. ከእጅ አንጓሽ ጀምሪ። ሁሉም ስለ ወገብና ጉልበት ነው የሚያወራው። ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ላይ የዋለ እጅ ድንገት ሰውነት ተሸከም ሲባል ያምፃል። ተንበርከኪ፣ መዳፍሽን መሬት ላይ አድርጊ፣ ትከሻሽን ቀስ እያልሽ ወደ ፊት ግፊ። ይሰለቻል፤ ቢሆንም በየቀኑ ሥሪው።

2. ወደ ፊት መንከባለል ያዞርሻል። ድሮ እየሳቅሽ ትንከባለይ ነበር፣ አሁን በሁለተኛው ላይ የምትይዢው ግድግዳ ትፈልጊያለሽ። ጥቂት ጥቂት ስትሠሪ ይለመዳል። ብቻ በልተሽ አትሂጂ።

3. ስፕሊት፣ ማለትም ሁለቱን እግር ዘርግቶ መሬት እስኪነኩ መውረድ። ዋናው ጉድ እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ጂም እንግዳ ተቀባይዋ «ለልጅሽ ነው?» አለችኝ። ለራሴ ነው ስላት ወደ ውስጥ ዞራ «ኧረ ኑ እዩ!» ብላ ተጣራች። ዋጥ አደረግኩት። የሦስት ወር ቅድሚያ ካልሆነ አንቀበልም ስላሉ ከፈልኩ። አሰልጣኙ ለሕፃናት ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። እኔ ግን መሬት ለመንካት አንድ ስንዝር ሲቀረኝ «ድሮ ትወርጂ ነበር አይደል? ሰውነት እኮ አይረሳም» ብሎ ከኋላ ትከሻዬን ተጫነው። ቂጤ ሥር ቀጭ አለ።

ሰውነት አለመርሳቱ እውነት ነው፤ ጣጣውም እሱ ነው። እንቅስቃሴው ቶሎ ትዝ ይልሻል፣ ጡንቻም ይመለሳል። ጅማት ግን የሚደርሰው ደም ትንሽ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል። የኔ የተጎዳው የኋላ ጭን ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ጋር የሚያያዝበት ጋ ነው። ለወራት ታክሲ ውስጥ በአንድ ጎኔ ነበር የምቀመጠው። እናቴ ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩሽ አለች፣ እኔ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ፤ እዚያ መወጠሩን ትተሽ አጠንክሪው ተባልኩ። የቀረውን ብሬን ልጠይቅ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ደረሰኙን ገልብጦ «የተከፈለ አይመለስም» የምትለውን ማኅተም አሳየኝ። «ደግሞ ዕድሜሽን ማወቅ ነበረብሽ» ብሎ ጨመረልኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ማንም እንዲጫንሽ አትፍቀጂ። ከመክፈልሽ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ሲያሠሩ እዪ። አዋቂ ላይ እጁን የሚጭን አሰልጣኝ ካየሽ ውልቅ በይ። በቀን ካላስከፈሉሽም ውልቅ በይ። ፍራሹንም ርገጪው፣ ተረከዝሽ ሲሚንቶውን ካገኘው ለመውደቅ አይሆንም።

አሁን ሌላ ቦታ ነኝ። ግድግዳ ሳልነካ በእጄ እቆማለሁ። ስፕሊቱንም ማንም ሳይነካኝ ወርጃለሁ፣ ትልቋ ልጄ ቀርጻኛለች፣ ያላየ ዘመድ የለም።

4. ሰፊ ቲሸርት ስትገለበጪ ፊትሽ ላይ ይወርዳል። ሱሪሽ ውስጥ ክተቺው።