ያ ቆብ ለማን ራስ ተሰፋ?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ እትዬ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሥነ ልቦና ማጥናት እፈልጋለሁ። ሌሊት ኔትወርኩ ሲሻሻል በአባቴ ስልክ የአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራዎች በምናባዊ ጉብኝት ተመለከትኩ። ሽቦ የበዛበት ቆብ፣ ዋሻ የሚመስል ማሽንና አንዱ ግድግዳው መስታወት የሆነ ክፍል አየሁ፤ ሰው ግን አንድም የለም። አባቴ «ሥነ ልቦና ምክር መስጠት ነው፤ ይህ ሁሉ ሽቦ ምን ያደርጋል?» ይላል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽ የጠየቁት ደግ ጥያቄ ነው። ምክር ከሥነ ልቦና ሥራዎች አንዱ ነው፤ ልኬትም ሌላው ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕሲክ ላይ ቤተ ሙከራ ሲከፍት ከሚለካቸው ነገሮች አንዱ ሰው ድምፅ ሰምቶ ቁልፍ እስኪነካ የሚፈጅበት ቅጽበት ነበር።

ዋሻ ያልሽው ኤም.አር.አይ ነው። ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ከመግባትሽ በፊት የጆሮ ጌጥሽን ያስወልቁሻል። አንጎል በሚሠራበት ስፍራ የደም ፍሰት ይጨምራል፤ ማሽኑ ያንን ለውጥ ይከታተላል። መስታወቱ ደግሞ ከአንድ ወገን ብቻ ያሳያል፤ የሕፃኑ ክፍል ደማቅ፣ የተመራማሪው ጨለማ ስለሆነ ልጁ ሳይረበሽ ይጫወታል።

ቆቡ ላይ ግን ላቆይሽ። ሃንስ በርገር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ምልክቱ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ ስለሆነ ምልክቱን በሚቀበለው ቆብ ሽቦዎች ጫፍ ያለው ብረት ከራስ ቆዳ ጋር በጄል በደንብ መገናኘት አለበት። እኔ ለትምህርት ውጭ አገር በሄድኩ በመጀመሪያው ሳምንት ለእንዲህ ዓይነት ጥናት በፈቃደኝነት ተመዘገብኩ። ራሴ ላይ እናቴ ለጉዞዬ የሠራችኝ ሹሩባ ነበር። ረዳቷ ልጅ ጫፉ በደነዘዘ መርፌ በጉንጉኖቹ መካከል ጄል እየጨመረች ደከመች። ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች ነፋስ እንደሚመታው ሣር ይርገበገቡ ነበር። በመጨረሻ አመስግነው አሰናበቱኝ። ማታ ጄሉን ሳጥብ አለቀስኩ፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ራስ የለም ማለት ነውና።

ዛሬም በፀጉራቸው ምክንያት ከጥናት የሚቀሩ ጥቁር ሰዎች አሉ። ደስ የሚለው ግን መፍትሔው ከሹሩባው ከራሱ መምጣቱ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ቀጭን ሹሩባ ተሠርቶ፣ በጉንጉኖቹ መካከል በሚገለጠው የራስ ቆዳ ላይ ተጠግቶ የሚያዝ ኤሌክትሮድ (ያ የሽቦው ጫፍ ብረት) ተሠርቷል። ስለዚህ ባዶውን ወንበር ስታዪ ማን ይቀመጥበት እንደሆነ ጠይቂ። ለትምህርት ክፍሉም ጻፊላቸው፦ «ሹሩባ የተሠራች ሴት ብትመጣ እንዴት ታስተናግዷታላችሁ?» በይ። ማመልከቻ ከመሙላትሽ በፊት መልሳቸውን ማንበብ ይጠቅምሻል።

ለአባትሽ ደግሞ ሽቦ የሌለው ሙከራ አለኝ። ጆን ሪድሊ ስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው ነው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር እስክሪብቶ ግዢ። በአንድ ወረቀት ላይ በአራቱ ቀለሞች 20 ነጠብጣብ አድርጊ። በሌላው 20 ቃላት ጻፊ፤ «ቀይ»ን በሰማያዊ፣ «ጥቁር»ን በአረንጓዴ እያልሽ አዘበራርቂ። አባትሽ ቃሉን ትተው የተጻፈበትን ቀለም ጮክ ብለው ይጥሩ፤ አንቺ በስልኩ ሰዓት ያዢ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ይዘገያሉ፤ ማንበብ የለመደ ዓይን ቃሉን ሳይጠየቅ ያነባልና። ገና ማንበብ ያልጀመረ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለሽም ሞክሪበት፤ ቀለሞቹን ካወቀ ቃሉ አያደናቅፈውም። ያገኘሽውን ሰዓት ከነስህተቱ ጽፈሽ ላኪልኝ።