ድንች ሥራሥር ነው ወይስ ግንድ?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ልጄ ‹ድንች ሥር አይደለም፣ ግንድ ነው› የሚል ትምህርት ይዞ መጣ። እኛ ዕድሜ ልካችንን ሥራሥር ስንለው ኖረናል። ተሳስተናል እንዴ? ደግሞስ ‹ሥራሥሮች› ይባላል?»

አልተሳሳቱም። ልጅዎም አልተሳሳተም። አንድ ድንች ያንሱና አገላብጠው ይዩት። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ ከእናት ተክሉ ጋር ያያያዘችው ቀጭን ቅርንጫፍ የተበጠሰችበት ናት። ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄዱ ዓይኖቹ እየተቀራረቡ ይመጣሉ። ቡቃያ የሚወጣው ከነዚህ ዓይኖች ነው፤ እንዲህ በሥርዓት የተደረደረ ዓይን ያለው ደግሞ ግንድ ነው። ካሮት ጎኑ ላይ ዓይን የለውም፤ እሱ እውነተኛ ሥር ነው። ስኳር ድንችም እንዲሁ።

ታዲያ ከዚህ ተነስተው «ድንችን ሥራሥር ማለት ስህተት ነው፣ ይቅር» የሚሉ አሉ። እኔ የምገነፍለው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛው «ሥር» የእጽዋት ሳይንስ ቃል ሆኖ አልተወለደም። ግእዙ «ሥርው» ነው፣ ብዙው «አሥራው»። የዛፍ ሥርም ነው፣ የሰውነት ጅማትም ነው። «ደም ሥር» አፈር ውስጥ አልበቀለምና ስሙ ይቀየር ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። «ከጠረጴዛው ሥር» ስንልም በታች ማለታችን ነው። ስለዚህ ሥራሥር ለተናጋሪው ከመሬት ሥር ተቆፍሮ የሚበላ ነገር ነው። በቃ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ሲል ድንችን አይቆጥረውም፤ ከነካሳቫ ጋር ስታርች የሚበዛበት ሥራሥር ውስጥ ነው የሚከተው። እነሱ ግንድ መሆኑ ጠፍቷቸው ነው?

የስም መደበላለቅ ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች፣ በኬችዋ ቋንቋ፣ ድንች «ፓፓ» ነው። ስፔናውያን ቀደም ብለው ካሪቢያን ላይ ያገኙት ስኳር ድንች «ባታታ» ይባል ነበር። ሁለቱ ተቀላቅለው «ፓታታ» ወጣ። የእንግሊዝኛው «ፖቴቶ»ም የመጣው ከዚያው ነው። ተክሎቹ ግን ቤተሰብ አይደሉም፤ ድንች የቲማቲምና የቃሪያ ዘመድ ነው።

የ«ሥራሥር»ን አጻጻፍ በተመለከተ፦ በንጉሡ ሠ፣ አንድ ላይ ተገጥሞ። «ሥራ ሥር» ብሎ የነጠለውን ሳነብ አንድ ሰው ሥራ በዝቶበት ከሥሩ የተቀበረ ይመስለኛል። በእሳቱ ሰ የሚጽፉት ዛሬ በዝተዋል፣ አውቃለሁ። ዓይኔን ያመኛል።

«ሥራሥሮች»? ቃሉ ራሱን ደግሞ የበዛ ነው፤ እንደ ቅጠላቅጠል፣ እንደ ብረታብረት። በብዙ ላይ ብዙ መጨመር ሻይ ውስጥ ሁለቴ ስኳር እንደ መጨመር ነው። ግን አንድ ነገር ልመን፤ ዓይነቶቹን ለይተን ስንቆጥር «ሦስት ሥራሥር» አያስኬድም፤ «ሦስት ዓይነት ሥራሥር» ማለት እያለ ሰዉ «ሥራሥሮች»ን መርጧል። «ፍራፍሬዎች»ን ማንም አይከራከርበትም፤ «አትክልት»ም የ«ተክል» ብዙ ሆኖ ሳለ «አትክልቶች» ከተባለ ቆይቷል። እንግዲህ ይበሉ፣ አላርምዎትም። እኔ ግን አልጽፈውም።