መልስ፦ ቆጠራ እያለ የዘረመል ምልክት ምን ይጨምራል?

ወንድሜ፣ «የዱር እንስሳትን ቆጥሮ መጠበቅ አይበቃም ወይ? የዘረመል ምልክት ማየት ለምን?» ብለሃል። ቆጠራ ስንት እንዳሉ ይነግርሃል። ማን ከማን እንደተዳቀለ ግን አይነግርህም። ያን የሚነግርህ የዘረመል ምልክት ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ዘርን ለመለየት የሚያገለግል የዲኤንኤ ክፍል ማለት ነው።

የባሌን ቀይ ቀበሮ ውሰድ። እዚያው ባሌ ባለው በዌብ ሸለቆ መልካቸው ለየት ያለ ቀበሮዎች ይታዩ ነበር። ከውሻ ተዳቅለው ይሆን? በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሁለት ዓይነት ምልክት ፈተሻቸው። አንዱ ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው። እሱ የቀይ ቀበሮ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ማይክሮሳቴላይት ነው፤ ከእናትም ከአባትም የሚመጣ አጭር የዲኤንኤ ድግግሞሽ ማለት ነው። እዚህ ላይ የውሻ ምልክት ብቅ አለ። እናት ቀበሮ፣ አባት ውሻ! ይሄን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። እዚያው ባሌ ባለው በሰነቴ አምባ በተመረመሩት ላይ ግን መዳቀል አልታየም።

ስለዚህ ቀበሮውን ለመጠበቅ የመንደር ውሾችንም መቆጣጠር የግድ ነው። ውሾቹን ማምከኑ (እንዳይራቡ ማድረጉ) መዳቀልን ይቀንሳል፤ ክትባቱ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን። በኔ እምነት ክትባቱ ይቀድማል፤ በሽታው በአጭር ጊዜ ብዙ ቀበሮ ይፈጃል።

ሌላው ጥቅም መነጠልን ማየት ነው። የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ እነሱም በተራራቁ ደጋዎች ተበታትነዋል። ምልክቱ የትኛው መንጋ እርስ በርስ በዘመድ እየተዳቀለ እንደሆነ ይጠቁማል። ናሙና ለመውሰድ ሁልጊዜ እንስሳውን መያዝ አያስፈልግም፤ ዓይነ ምድሩም ይበቃል።