ክሎሪን በመቀነስ እንጀራ ይበላል?

ሰላም እህቴ። በውሃ አቅርቦት ምህንድስና ተመርቀሻል። ማስተርስሽን ደግሞ ማሰራጫ መስመር ውስጥ ባክቴሪያ ዳግም እንዳይራባ በትንሽ ክሎሪን መቆጣጠር ላይ መሥራት ፈልገሻል። አንድ መምህር «የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ ማን ይቀጥርሻል?» አሉሽና ግራ ገባሽ። ርዕሱን አትጣይው፤ አቀራረብሽን ግን ቀይሪ።

ሆላንዶች ውሃውን ያለ ክሎሪን ነው የሚያሰራጩት፤ ግን ክሎሪኑን ዝም ብለው አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1974 ዮሃንስ ሮክ የተባለ የሮተርዳም ኬሚስት፣ ክሎሪን ውሃው ውስጥ ካለ ኦርጋኒክ ነገር ጋር ሲገናኝ እንደ ክሎሮፎርም ያሉ ለጤና የሚያሰጉ ውህዶች እንደሚፈጠሩ አሳየ። አምስተርዳም በ1983 ከማሰራጫው ላይ ክሎሪን አቆመች፤ ግን በኦዞን፣ በካርቦንና በአሸዋ ማጣሪያ የባክቴሪያውን ምግብ ነስታ፣ የመስመሩ ግፊት ሌት ተቀን ሳይወርድ ነው። ባክቴሪያ በቀላሉ የሚበላው ካርቦን በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በታች ይሁን የሚለው መለኪያም የመጣው ከዚያው አገር ነው።

አዲስ አበባ ግን ውሃ በፈረቃ ነው። ሲጠፋ ግፊቱ ይወርድና በተሰነጠቀው ቧንቧ በኩል ቆሻሻ ይስባል። ሲመጣ ደግሞ ሮቶ ውስጥ ፀሐይ እየመታው ስንት ቀን ይተኛል! ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ «ክሎሪን እንቀንስ» ብትይ በሩን ያሳዩሻል፣ እውነታቸውን ነው። «ክሎሪኑን የሚበላውን እንቀንስ» በይ። ኦርጋኒኩ፣ ደለሉና ውሃው መስመር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ሲቀንስ፣ ከማጣሪያ ጣቢያው ትንሽ ጨምረሽም መጨረሻው ቤት በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ማድረስ ይቻላል። ይቺን 0.2 የዓለም ጤና ድርጅትም ቢያንስ ትድረስ ይላል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፣ ክሎሪን የሌለው መስመር እኛም አገር አለ። ቢራና ለስላሳ ፋብሪካ ጣዕም እንዳያበላሽ ክሎሪኑን በካርቦን ያወጣዋል። የኩላሊት እጥበት ማዕከልም ለታካሚው ደም ሲል የግድ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ቧንቧ ምንም መከላከያ የለውም፣ ራሱ የካርቦን ማጣሪያውም የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል፣ ሞቅ ባለ ውሃ ደግሞ ይብሳል። አየሽ፣ አንቺ የምታጠኚው የእነሱን የየቀኑ ራስ ምታት ነው። በኔ ግምት ከከተማ ውሃ አገልግሎት ቀድሞ የሚቀጥርሽ የቢራ ፋብሪካ ጥራት ክፍል ነው።

ኢፓኔት የሚባለውን የውሃ መስመር ማስሊያ ሶፍትዌር አሁኑኑ ጀምሪ። ነፃ ነው፣ የውሃ ዕድሜንም የክሎሪን መመናመንንም ያሰላል። ፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ ማለትም ባክቴሪያን አንድ በአንድ በሌዘር መቁጠር፣ ደስ ይላል፣ ግን ማሽኑን የት ታገኚዋለሽ? ጥናትሽን በእሱ ላይ አታንጠልጥዪ፤ ሳህን ላይ ባክቴሪያ አሳድጎ መቁጠርና ክሎሪንን ቦታው ላይ መለካት ይበቃሻል። ፋብሪካ ስትጽፊ ለሰው ኃይል ሳይሆን ለላብራቶሪ ኃላፊው አድርጊው፣ ናሙና ልውሰድ ብለሽ። ሲቪሽ ላይ ደግሞ እባክሽ ኢፓኔት ከማይክሮሶፍት ወርድ በላይ ይቀመጥ።