ፎርሙ ስለሚጥላቸው ሰዎች፦ ለወጣት የሰው ሀብት ባለሙያዎች

ጎንደር ውስጥ ቅጥር ላይ ለምትሠሩ፣ በተለይ ገና ለጀመራችሁት ልጆቼ፤

ማስታወቂያ ፒያሳ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍበት ዘመን ስለ ሥራው የሚሰማው ዘመድ ያለው ነበር። ዛሬ በቴሌግራም ይለቀቃል፣ በኢትዮጆብስ ወይም በሐሁጆብስ ይወጣል፤ ማክሰኝት ያለች ልጅ ከአዘዞው ልጅ እኩል ታየዋለች። ይህን እወደዋለሁ። ደስ የማይለኝ ሰው ለማግኘት የመጣውን መሣሪያ ሰው ለመጣል ስትቸኩሉበት ሳይ ነው።

ዘመን አቆጣጠሩን ተመልከቱ። ጉግል ፎርም ላይ «የተመረቁበት ዓመት» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አንዱ 2012 ይላል፣ አብሮት የተመረቀው 2020 ይጽፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልምድ የሌለውን ለመለየት ከ2014 በኋላ የተመረቀውን በኤክሴል ስታወጡት ግን ሁለተኛው ከነልምዱ ይወድቃል፣ ማንም ልብ አይለውም። የሥራ ልምድ ላይም እንዲሁ ነው፤ አንዱ «3»፣ ሌላው «ሦስት ዓመት»፣ ሌላዋ «3 ዓመት ከ4 ወር» ትላለች። ኤክሴል እንደ ቁጥር የሚያነበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ከዝርዝር እንዲመርጡ አድርጉ፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. እዚያው ጥያቄው ላይ ይጻፍ። የወደቁትን ደግሞ ፋይሉን ሳትዘጉ አንድ በአንድ እዩአቸው። አሰልቺ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈላችሁ ግን ለዚህም ነው።

ሊንክዲን ላይ ስትፈልጉ ጎንደርን በእንግሊዝኛ ፊደል መጨረሻዋ አካባቢ በኤ የሚጽፍም በኢ የሚጽፍም እንዳለ አትርሱ፤ በሁለቱም ፈልጉ። በአማርኛ ስትፈልጉም «ሐኪም»ን በሀሌታው «ሀ»ም ሞክሩት። አካውንት የሌለውን ወይም ለረጅም ጊዜ ምንም ያልጻፈበትን ሰው ሰነፍ አትበሉት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። ያን ጊዜ ዝም ያለ ሁሉ ሥራ ፈት አልነበረም።

የአመልካቹን ፌስቡክ መበርበር ልማድ ሆኗል። እኔ አልስማማበትም። ስማችን ከአባት ስም ጋር ተደርቦም ሞክሼ ብዙ ነው፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ በእሱ ላይ ይቆጠርበታል። ትክክለኛውን ሰው ብታገኙት እንኳ የምታዩት ሃይማኖቱን፣ ብሔሩንና የፖለቲካ አቋሙን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በእነዚህ ምክንያቶች ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ልትጠቀሙበት የማይገባችሁን ነገር ለምን ታዩታላችሁ?

ሲቪ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እናስመርጥ የምትሉም አላችሁ። አማዞን ሞክሮት ነበር። ፕሮግራሙ ከዓመታት በፊት ከገቡ ሲቪዎች ተማረ፤ አብዛኞቹ የወንዶች ስለነበሩ የሴቶችን ዝቅ ማድረግ ለመደ፤ ድርጅቱም ተወው። ሮይተርስ ይህን የዘገበው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛም የድሮ ፋይል ከዚያ የተሻለ አይመስለኝም። ሲቪውን እንዳለ ቻትጂፒቲ ላይ ስትለጥፉ ደግሞ የሰውየው ስልክና አድራሻ አብሮ ይሄዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አንብቡት።

የትምህርት ማስረጃን በተመለከተ ረጅም ነገር የለኝም፤ ስካን የተደረገ ወረቀት አይታመንም፣ የሰጠው ተቋም ሬጅስትራር ይጠየቅ። ችሎታን ደግሞ ሲቪ አያሳይም። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነች ከመዝገብ ጋር ያልታረቀ የአንድ ወር የባንክ ሒሳብ ስጧትና ስትሠራ እዩ። ሕጉም እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ሁሉን ነገር በፎርም ጨርሳችሁ ለማወቅ አትጨነቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አመልካች ፎርሙን የሚያስሞላው ኮፒ ቤት ነው። የፊደል ስህተቱ የጸሐፊው ሊሆን ይችላል፤ ኢሜይሉም አንዳንዴ የኮፒ ቤቱ ነው። ለቃለ መጠይቅ ጠርታችሁት መልስ ሲጠፋ «ፍላጎት የለውም» ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት ደውሉለት። ካልተነሳ ከሰዓት በኋላ ድገሙት፤ የጽሑፍ መልእክትም በአማርኛ ላኩለት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን በሀገርኛ አቆጣጠርና የቢሮውን ቦታ ጨምራችሁ።