መልስ፦ ቅርጹ ያልተስተካከለ የአትክልት ቦታ ስፋት

«አራቱን ጎኖች ለክቼ የተቃራኒዎቹን አማካይ ባባዛ ትክክል ይመጣል?» ላሉት፣ አይመጣም። ቦታው ሬክታንግል ካልሆነ በቀር ያ ስሌት ሁልጊዜ ከእውነተኛው ስፋት አብልጦ ያሳያል። አራት ጎኖች ርዝመታቸው ሳይለወጥ ሊንጋደዱ ስለሚችሉ የጎን ልኬት ብቻውን አይበቃም።

ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለውንም ይለኩ፤ መስመሩ በቦታው ውስጥ ማለፉን ያረጋግጡ። አሁን ሁለት ጎነ ሦስቶች አሉዎት። ለእያንዳንዱ ሦስቱን ጎኖች ደምረው ለሁለት ያካፍሉ። ከዚያ ግማሽ ላይ እያንዳንዱን ጎን በየተራ ይቀንሱ፤ ግማሹንና ሦስቱን ልዩነቶች አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ያውጡ። ጎኖቹ 13፣ 14 እና 15 ሜትር ቢሆኑ ግማሹ 21 ነው፤ 21 × 8 × 7 × 6 = 7056፣ ስኩዌር ሩቱ 84 ካሬ ሜትር። የሁለቱን ጎነ ሦስቶች ስፋት ሲደምሩ የቦታውን ስፋት ያገኛሉ። ማዕዘን መለካት አያስፈልግም፤ ይህን ዘዴ የምወደውም ለዚህ ነው።

አንዱ ጎን ወደ ውጭ የጎበጠ ከሆነ በጉብጠቱ ጫፎች መካከል ገመድ ወጥረው በየ2 ሜትሩ ከገመዱ እስከ ድንበሩ፣ ከገመዱ ጋር በ90 ዲግሪ፣ ይለኩ። ጫፎቹ ዜሮ፣ መሃሎቹ 1.2፣ 1.8 እና 1.4 ቢሆኑ ድምሩ 4.4 ሲባዛ በ2፣ 8.8 ካሬ ሜትር ገደማ ይጨምራሉ። ወደ ውስጥ ከጎበጠ ይቀንሱት።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ሜትሩን አግድም ወጥረው ይያዙ።