የገዛ ጓሯችን ላይ አፈር ብናፈስ ኮሚሽኑ ምን አገባው?

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን በስተደቡብ ባለች የባህር ዳር ከተማ ነው። ቤቱን ከገዛን ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ከጓሯችን በታች ረግረግ ሣር አለ። ባህሩ ሲሞላ ውሃ ይገባበታል፣ ሲጎድል ጭቃ ነው። ለእንቁጣጣሽ ከሣሩ አጭጄ እንደ ቄጤማ ጎዝጉዤ ቡና አፍልቼበታለሁ። ባለፈው ወር ባለቤቴ ሦስት መኪና አፈር አስመጥቶ ዳር ዳሩን ደለደለው። ጎመንና ቃሪያ ልንተክልበት፣ ትንሽ የዕቃ ቤትም ልንሠራ ነበር። ጎረቤት ደውሎ መሰለኝ፣ ከከተማው ኮንሰርቬሽን ኮሚሽን (የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚሽን) ‹ኢንፎርስመንት ኦርደር› (የማስከበሪያ ትእዛዝ) የሚል ደብዳቤ መጣብን። ሥራ አቁሙ፣ ስብሰባ ቅረቡ፣ መሬቱን ወደነበረበት የምትመልሱበትን ዕቅድ አምጡ ይላል። ስንገዛው የነበረውን የድንጋይ ግንብም ጨምሮብናል። ቤቱ የኛ ነው፤ ታክስ እንከፍላለን። ባለቤቴ አፈሩን በዚህ ቅዳሜ አስነሥቶ ነገሩን ልዝጋው እያለ ነው። የዜግነት ማመልከቻ ልናስገባም ነው። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት የቅዳሜውን ሥራ ያስቀሩ። ባለቤትዎ ያሰቡት በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ትእዛዙ «አቁሙ» ሲል ማፍሰሱን ብቻ አይደለም፣ ማንሣቱንም ነው። መቆፈሪያ መኪና ጭቃው ላይ ከወጣ ከአፈሩ በታች በሕይወት ያለውን የሣር ሥር ሁሉ ይገነጥለዋል። ያን ጊዜ አንድ ጥፋት የነበረው ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ነው ኮሚሽኑን የሚያስቆጣው። ዝናብ መጥቶ አፈሩን ወደ ውሃው ያጥበዋል ብለው ከሰጉ፣ ደብዳቤው ላይ ስሙ ለተጻፈው የኮሚሽኑ ኤጀንት ዛሬውኑ ይደውሉ። ዳሩን በገለባ ጥቅል መያዝ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት። መልሱን በኢሜይል ያስጽፉ። ከዚያ ጓሮውን ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሡ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ፤ «ምን አገባው?» ይህን ጥያቄ ከብዙ አበሾች ሰምቼዋለሁ። እኛ ካደግንበት ጋር ሳስተያየው አልፈርድበትም። መሬት ባለቤት ከሆኑ የራስ ነው፣ ረግረግ ደግሞ ባዶ መሬት ነው ብለን ነው ያደግነው። ማሳቹሴትስ ግን በዚህ ነገር የቆየ ሕግ አላት። ከተሞች የራሳቸውን ኮንሰርቬሽን ኮሚሽን እንዲያቋቁሙ የፈቀደው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በ1963 የባህር ዳር ረግረግን፣ በ1965 የወንዝና የሐይቅ ዳሩን የሚጠብቁ ሕጎች ወጡ። በ1972 ሁለቱ ተዋሕደው ዛሬ የምንሠራበት የረግረግ መሬት ጥበቃ ሕግ ሆኑ። ሕጉ መሬቱን አልወሰደብዎትም። እዚያ መሬት ላይ መቆፈር፣ መሙላት፣ መቁረጥና መሥራት ከፈለጉ ግን አስቀድመው ያስፈቅዱ ይላል። ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ቦስተን ያለ ባለሥልጣን ሳይሆን የከተማዎ ኮሚሽን ነው።

ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ፖሊስም አይደለም። ከሦስት እስከ ሰባት አባላት ያሉት፣ ከተማው የሚሾማቸው የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ደሞዝ የላቸውም። ቀን ሥራቸውን ውለው ማታ ከተማ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ደሞዝ የሚከፈለው ኤጀንቱ ነው፤ ቦታው ድረስ መጥቶ የሚያየውም እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ወደ ግል መሬት መግባት ሕጉ ስለሚፈቅድላቸው፣ ጓሮው ውስጥ ቢያዩት አይደንግጡ።

እዚህ ጋ ጥቂት ልቆይ። ጉዳዩ ሁሉ ያለው ሣሩ ላይ ነው።

አንድ ቀን ባህሩ ሲጎድል ወርደው ሣሩን በቅርብ ይዩት። ሁለት ዓይነት ነው። ውሃው ዳር ያለው ረጅምና ወፍራም ነው፣ በየቀኑ ጨው ውሃ ውስጥ ይቆማል። ከፍ ብሎ ያለው ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ እናቱ ስትልሰው እንደዋለች ጥጃ ጠጉር ወዲያና ወዲህ ተጋድሟል። ለቡናው የጎዘጎዙት ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በጣት የሚለካ ነው። መሬቱ ትንሽ ከፍ ካለ ጨው ውሃው አይደርስም፤ ሣሩ ይሞትና ሌላ ሸምበቆ ይወርሰዋል። ባለቤትዎ የደለደሉት አፈር ያደረገው ይኼንኑ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ደንገሉ ዓሣ የሚራባበት መሆኑን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። እዚህም ያው ነው፤ ትንንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች የሚያድጉት በዚያ ሣር ውስጥ ነው። ቤትዎንም ይጠብቃል። ማዕበል ሲመጣ ጉልበቱን የሚሰብረው ሣሩ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1978 የመጣው የበረዶ ውሽንፍር የባህር ዳር ከተሞቹን ሲቹዌትን፣ ኸልንና ሪቪርን ምን እንዳደረገ በዚያ ዘመን የነበሩ ጎረቤቶችዎን ይጠይቁ። ባህሩ እስከ ሳሎን የገባባቸው ሰዎች ዛሬም አሉ።

ስለዚህ ሕጉ በጨው ረግረግ ላይ ከሌላው ሁሉ ይጠነክራል። የትኛውም ሥራ ከረግረጉ ላይ ቅንጣት ታህል እንዲያጠፋ አይፈቅድም። ወሰኑም ዓይን እንደሚያየው አይደለም። በዓመቱ ከፍተኛው የባህር ሙላት እስከሚደርስበት ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ወሰን ጀምሮ ወደ ቤትዎ 100 ጫማ፣ 30 ሜትር ያህል ማለት ነው፣ «ባፈር ዞን» ይባላል። እዚያም ውስጥ ያለፈቃድ አፈር መሙላት አይቻልም። «እኛ የሞላነው ደረቁን ነው» የሚለው መልስ የማያዋጣዎት በዚህ ነው። ብዙ የባህር ዳር ከተሞች ከግዛቱ ሕግ የጠነከረ የራሳቸው ባይሎውም (የከተማ ደንብ) አላቸው። ደብዳቤው የጠቀሰው የትኛውን እንደሆነ፣ ወይም ሁለቱንም እንደሆነ፣ ያስተውሉ። ቅጣቱ ይለያያልና።

ደብዳቤው ላይ ሌላም የሚያዩት ነገር አለ። ስንት ሰው ፈርሞበታል? ትእዛዙ የኮሚሽኑ አብዛኛው አባል ፊርማ ያስፈልገዋል። አስቸኳይ ከሆነ አንድ አባል ወይም ኤጀንቱ ብቻውን ሊፈርም ይችላል። ግን በሚቀጥለው ስብሰባ አብዛኛው ማጽደቅ አለበት። እንዲቀርቡ የተጠሩበት ስብሰባ ይኸው ሊሆን ይችላል። የኮሚሽኑ ኢንፎርስመንት ኦርደር ወደ ግዛቱ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይግባኝ አይባልበትም፤ የሚኬደው ሱፒሪየር ኮርት ወደሚባለው የግዛቱ ፍርድ ቤት ነው፣ ጊዜውም ብዙውን ጊዜ 60 ቀን ነው። እውነቱን ልንገርዎ፤ በአፈሩ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄደው ገንዘብ እንዲያወጡ አልመክርም። አፈሩ እዚያ አለ፣ ፈቃድ የለም።

ግንቡ ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ጥፋት የተሠራበትን መሬት የገዛ ወይም የወረሰ ሰው ራሱ ባይሠራውም መሬቱን ወደነበረበት ይመልስ ይላል። ነገር ግን የቤት ሰነዱ በመሬት ሰነድ መዝገብ ቤት (ሬጂስትሪ ኦፍ ዲድስ) ከተመዘገበ በሦስት ዓመት ውስጥ ክስ ካልተጀመረ፣ ገዢው በቀድሞው ባለቤት ጥፋት አይከሰስም። እናንተ ሁለት ዓመት ከሁለት ወራችሁ ነው። ገና አሥር ወር ይቀራል። «እንግዲያው አሥር ወር ዝም ብለን እንቆይ» እንዳትሉ። ዝምታችሁ ኮሚሽኑን ቶሎ ወደ ክስ ይገፋዋል፣ በአፈሩ ጉዳይ ያላችሁንም መልካም ስም ያበላሻል።

ይልቅ የግንቡን ታሪክ ፈልጉ። ከተማ አዳራሽ ሄደው የቤቱን አድራሻ ሰጥተው የኮሚሽኑን ፋይል ያስወጡ፤ ማንም ሰው ማየት ይችላል። ሬጂስትሪ ላይ ደግሞ በቀድሞው ባለቤት ስም «ኦርደር ኦፍ ኮንዲሽንስ» ተመዝግቦ እንደሆነ ይፈልጉ። ይህ ፈቃዱ ነው። ሥራው በፈቃዱ መሠረት መጠናቀቁን የሚመሰክረው ደግሞ «ሰርተፊኬት ኦፍ ኮምፕላያንስ» ይባላል። ሁለቱም ካሉ ግንቡ ሕጋዊ ነው፣ ነገሩም ያበቃል። ፈቃዱ ኖሮ ሰርተፊኬቱ ከሌለ መጠየቅ ይቻላል። ሁለቱም ከሌሉ ግንቡ ከሕጉ በፊት ይሁን ከሕጉ በኋላ መሠራቱን የድሮ የአየር ላይ ፎቶ ይናገራል። እንደኔ ለጠበቃ የሚያወጡትን ገንዘብ እዚህ ላይ ያውሉት።

የሸጠልዎትን ሰው መጠየቅ ይቻላል ወይ? በማሳቹሴትስ የግል ሻጭ ከእርሳስ ቀለምና ከሴፕቲክ (ከቤቱ የፍሳሽ ጉድጓድ) በስተቀር የቤቱን ጉድለት በራሱ ተነሥቶ የመናገር ግዴታ የለበትም ማለት ይቻላል። ጠይቀውት ዋሽቶ ከሆነ ግን ይጠየቃል። ስትገዙ የተጻጻፋችሁትን ኢሜይል አትሰርዙ።

ስብሰባው ላይ ሁለታችሁም ቅረቡ። አስተርጓሚ ካስፈለገ ቀደም ብለው ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ፤ ልጅዎን አስተርጓሚ እንዳያደርጉ። የምትሉትም አጭር ይሁን። ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አላወቅንም፤ ደብዳቤው እንደደረሰን አቁመናል፤ ባለሙያ እየፈለግን ነው፤ ጊዜ ስጡን። ይኼው ነው። ስለ ጎረቤት አንድም ቃል አትናገሩ። ማን እንደደወለ አይታወቅም፣ ቢታወቅም አይጠቅምም። ይህ ሕግ ለነዋሪው ትልቅ ድምፅ የሰጠ ነው። ከተማው ውስጥ የሚኖሩ ማናቸውም አሥር ሰዎች ተባብረው ኮሚሽኑ የሰጠውን ፈቃድ በግዛቱ መሥሪያ ቤት ይግባኝ ሊሉበት ይችላሉ። ነገ ከናንተ ጎን ያለው መሬት ላይ ሰው ትልቅ ነገር ልሥራ ቢል፣ ይኸው መብት የናንተም ነው።

ዕቅዱን የሚያዘጋጀው የረግረግ መሬት ባለሙያ ነው። አፈሩ ከሣር ሜዳው በኩል በጥንቃቄ ይነሣል፣ የመሬቱ ከፍታ ተለክቶ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ የሞተው ሣር በዚያው ዝርያ ይተካል። ከዚያ ባለሙያው ለተወሰነ የሣር ማደጊያ ወቅት እየተከታተለ ሪፖርት ያስገባል። ወጪ አለው፤ ግን በፈቃዳችሁ ከሠራችሁት ብዙ ጊዜ ቅጣት ሳይከተል በዚሁ ያልቃል።

ቅጣቱንም አልደብቅዎትም። በግዛቱ ሕግ ለአንድ ጥፋት እስከ 25,000 ዶላር ይደርሳል፣ እስከ ሁለት ዓመት እስራትም ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ቀን እንደ አዲስ ጥፋት ይቆጠራል። በከተማው ባይሎው ደግሞ በቀን እስከ 300 ዶላር ቲኬት ሊጻፍ ይችላል። ትእዛዝ አክብሮ ስብሰባ የቀረበ ቤተሰብ ሲታሰር እኔ አላየሁም። ደብዳቤ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ከተው ዕዳው የተቆለለባቸው ሰዎች ግን አውቃለሁ።

ስለ ዜግነቱ፦ አሁን የያዛችሁት የአስተዳደር ትእዛዝ ነው፤ የወንጀል ክስ አይደለም። ግን ቲኬት ከተጻፈ ወይም መጥሪያ ከመጣ፣ ማመልከቻው ላይ የሚመለስ ጥያቄ ስላለ ወረቀቱን ለኢሚግሬሽን ጠበቃችሁ ያሳዩ። ከፎርሙ ላይ ምንም አትደብቁ።

ጎመኑን አትተዉት። አሁን ባለው የሣር ሜዳ ላይ ወደ ቤቱ ተጠግቶ የሚተከል አትክልት ብዙ ኮሚሽን አይከለክልም። ለዕቃ ቤቱ ግን «ይህ ሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ የሚጠየቅበት አጭር ማመልከቻ አለ፤ ኮሚሽኑ በ21 ቀን ውስጥ ይመልሳል። አፈሩ ሳይነሣ ግን ማመልከቻውን አታስገቡ።

ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽም ቄጤማውን ከአበሻ ሱቅ ይግዙ። እስከ ሐሙስ ድረስ የደብዳቤውን ቅጂ በሁሉም ገጽ፣ የቤቱን ሰነድ የተመዘገበበት ቀን ከሚታይበት ገጽ ጋር፣ ፎቶዎቹንም ይላኩልኝ። የግንቡን ጉዳይ ከስብሰባው በፊት አየዋለሁ።